የካራቫን ወለል በኤሌክትሪክ ሲሞቅ

በብርድ ወራት ካራቫን (መኪና የሚጎትተው ቤት) ውስጥ ያደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ማሞቂያው ከመሸ ጀምሮ እየሠራ ነው። ከደረት በላይ ያለው አየር ደህና ሞቋል፤ እንዲያውም ሹራብ ያስወልቃል። ጠዋት ከአልጋ ወርዶ እግሩን ወለሉ ላይ ሲያሳርፍ ግን ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። ካልሲ ላይ ካልሲ ቢደርብም ያው ነው።

ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ታች ይተኛል። ይህ በየትኛውም ቤት ያለ ነው። የካራቫን ግን ይብሳል። መኪና የሚጎትተው ቤት መሬት ላይ አልተቀመጠም። ጎማ ላይ ነው ያለው፤ ንፋስ በሥሩ እንደልቡ ይመላለሳል። ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው አንድ ቴርሞሜትር ጣሪያ አጠገብ፣ ሌላ ወለል ላይ ያስቀምጥና ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንብበው።

ብዙዎች ምንጣፍ ሥር የሚዘረጋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ ዓይናቸውን የሚጥሉት ለዚህ ነው። ድምፅ የለውም። አቧራ አያስነሳም። ቦታ አይይዝም፤ ካራቫን ውስጥ ደግሞ ቦታ ማለት ወርቅ ነው። የሚነድ ነገር ስለሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አያመጣም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ ሰው ከሱ የማይችለውን ነገር መጠበቁ ነው። ከጅምሩ ልናገረውና ይህ የእግር ማሞቂያ እንጂ የቤት ማሞቂያ አይደለም። ለምን እንዲህ እንደምል ቁጥሩ ያሳያል።

መጀመሪያ ግን ዕቃውን እንየው። ለምንጣፍ ሥር የሚሆነው በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በሁለት ፕላስቲክ መሃል ካርቦን የተቀባበት ስስ ፊልም ነው። ውፍረቱ ከወፍራም ወረቀት ብዙም አይበልጥም። ሌላው በአሉሚኒየም ፎይል መሃል ቀጭን የማሞቂያ ሽቦ እየተጠማዘዘ የተዘረጋበት ነው። ኤሌክትሪክ ሲገባባቸው ይሞቃሉ፣ በቃ። ጉልበታቸው አብዛኛውን ጊዜ በካሬ ሜትር ከ100 እስከ 150 ዋት ነው።

ሦስተኛ ዓይነት አለ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደውም በሱ ነው። ለሴራሚክ ወለል የተሠራው፣ መረብ ላይ የተሰፋ ሽቦ ያለው ማለቴ ነው። መልኩ ያው ነው። ዋጋውም ሊያጓጓ ይችላል። ግን ያ ሽቦ የተሠራው ሲሚንቶ ወይም ማጣበቂያ ውስጥ እንዲቀበር ነው። ሙቀቱን ከሽቦው ተቀብሎ ወደ ጎን የሚያሰራጨው ሲሚንቶው ነው። ደረቁን ምንጣፍ ሥር ብትዘረጉት የሚቀበለው የለም። ሽቦው ባለበት መስመር ብቻ ይግላል፣ መሃሉ ቀዝቃዛ ይሆናል። ከዚያ ምንጣፉ ላይ ቡናማ መስመር ይወጣል። ያም ዕድለኛ ከሆናችሁ ነው።

ስለዚህ ስትገዙ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ የተለየ ደረጃ አለው፤ አይኢሲ 60335 ክፍል 2-106 ይባላል። የሚመለከተውም የሚሞቁ ምንጣፎችንና ተነሺ ምንጣፍ ሥር የሚገቡ ማሞቂያዎችን ነው። «ተነሺ» የምትለው ቃል ትልቅ ቁም ነገር አላት። የአብዛኛው ተጎታች ካራቫን ምንጣፍ ወለሉ ላይ አልተጣበቀም። ከሥሩ ፕላስቲክ ወለል አለ፣ ምንጣፉ ከላይ ተነጥፎ በፈለጉ ጊዜ ይነሳል፣ ይራገፋል። እንዲህ ያለ ምንጣፍ ይታጠፋል፣ ይንሸራተታል፣ ይረገጣል። ከሥሩ የሚገባውም ዕቃ ይህን ሁሉ የሚችል መሆን አለበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። ካራቫኑ ርዝመቱ 6 ሜትር፣ ወርዱ 2.2 ሜትር ነው እንበል። ወለሉ 13 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ግን አልጋው፣ ቁምሳጥኑ፣ ኩሽናውና መታጠቢያው ተካፍለውታል። እግር በትክክል የሚረግጠው ቦታ 3 ካሬ ሜትር ቢሆን ነው። በካሬ ሜትር 130 ዋት ብንይዝ 390 ዋት እናገኛለን።

ውጭ 0 ዲግሪ ሆኖ ውስጡን 20 ዲግሪ ላይ ለማቆየት ግን እንዲህ ያለ ካራቫን ምን ያህል ይፈልጋል? ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ጣሪያውንና በአየር መግቢያው የሚወጣውን ሙቀት ደምሬ በግርድፉ ሳሰላው 1700 ዋት አካባቢ ይመጣል። እንደ አሠራሩ ከፍም ዝቅም ሊል ይችላል። ካራቫን ውስጥ የሚገጠሙት እንደ ትሩማና አልዴ ያሉ ማሞቂያዎች በኤሌክትሪክ ሲሠሩ 2000 ወይም 3000 ዋት ድረስ የሚሄዱት ያለ ምክንያት አይደለም። 390 ዋት ከዚህ አጠገብ ሲቆም ትንሽ ነው።

እሱም ቢሆን ሁሉም ወደ ላይ አይመጣም። የካራቫን ወለል እንደ ሳንድዊች ነው፤ ላይና ታች ስስ ኮምፔንሳቶ፣ መሃሉ ፎም። ፎሙ 3 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ ውጭ 0 ዲግሪ፣ ውስጡ 18 ዲግሪ፣ ምንጣፉም ስስ ቢሆን፣ ከ130 ዋቱ 38 ያህሉ በወለሉ አልፎ ውጭ ያለውን ንፋስ ያሞቃል። ለእናንተ የሚደርሰው በካሬ ሜትር 92 ዋት ነው። በ3 ካሬ ሜትር 276 ዋት መሆኑ ነው። ከሚያስፈልገው 1700 ውስጥ ከስድስት እጅ አንዱ።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ይጠቅማል እንጂ! በዚያው ስሌት የምንጣፉ ፊት 27 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። 27 ዲግሪ ለእግር ሞቅ ያለ፣ ደስ የሚል ነው። እግሩ የሞቀ ሰው ደግሞ አየሩ 18 ዲግሪ ቢሆንም አያማርርም። ዋናው ማሞቂያ ዝቅ ማለት ይችላል። የዚህ ዕቃ ጥቅም ይኸው ነው።

ስለ ምንጣፉ ውፍረት ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በተቃራኒው የሚረዳው ነገር ነውና። ብዙዎች «ወፍራም ምንጣፍ ሙቀቱን ይቀንሰዋል» ይላሉ። ምንጣፉ ግን ዋቱን አይቀንስም። ማሞቂያው 130 ዋት ማምረቱን አይተውም። ወደ ላይ መውጫ ሲጠበው ራሱ ይግላል፤ እስኪያልፍ ድረስ ይግላል። በስስ ምንጣፍ ሥር 36 ዲግሪ የነበረው ማሞቂያ በወፍራም ምንጣፍና ስፖንጅ ሥር 46 ይደርሳል። ወደ ታች የሚባክነውም ከ38 ዋት ወደ 48 ከፍ ይላል። እግራችሁ ደግሞ ያንሰዋል እንጂ አይጨመርለትም።

የምንጣፍ ሙቀት የመከልከል አቅም የሚለካው «ቶግ» በሚባል መለኪያ ነው፤ የብርድ ልብስ ማሸጊያ ላይም የሚጻፍ ነው። ለወለል ማሞቂያ ምንጣፉና ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ተደምረው ከ2.5 ቶግ እንዳይበልጡ ይመከራል። ለካራቫን እኔ 1 ቶግ አካባቢ ባይ ነኝ። አጭር ጸጉር ያለው፣ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ምንጣፍ ማለት ነው። ከጀርባው ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበትን ተዉት።

ማሞቂያው ሥር ተጨማሪ ፎም ማንጠፍስ? ብዙ ሲወደስ እሰማለሁ። 6 ሚሊሜትር ፎም ጨምሬ ስሌቱን ስደግመው ወደ ታች የሚሄደው ከ38 ወደ 33 ዋት ወረደ። አምስት ዋት። ለዚያ ተብሎ በር ሥር የሚጋጭ ወለል መሥራት ለእኔ ድካም ነው። ወለሉ ቶሎ እንዲሞቅ ግን ትንሽ ይረዳል። አንድ ቦታ ለረጅም ጊዜ ለሚቆም ሰው ንፋሱን ከካራቫኑ ሥር የሚያግድ የሸራ ቀሚስ የበለጠ ዋጋ ያለው ይመስለኛል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመብራቱ ጉዳይ ነው። ካራቫን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ካራቫኖች በሚያርፉበት ካምፕ ውስጥ ከተተከለው ሶኬት ነው። በአውሮፓ ካምፖች አብዛኛውን ጊዜ 6፣ 10 ወይም 16 አምፔር ነው የሚሰጠው። ቮልቱ 230 ስለሆነ 6 አምፔር ማለት 1380 ዋት፣ 10 አምፔር 2300 ዋት፣ 16 አምፔር 3680 ዋት ነው።

እስቲ 10 አምፔር ያለው ካምፕ ውስጥ አንድ ጠዋት እንይ። ዋናው ማሞቂያ 1000 ዋት ላይ ነው። ወለሉ 390። ፍሪጁ 150 ገደማ። የባትሪ ቻርጀሩ 100 እንበል። ድምሩ 1640 ነው፤ እስካሁን ሰላም ነው። አንዱ ይነሳና የቤት ውስጥ የውሃ ማፍያ፣ ባለ 2000 ዋቱን ይሰካል። 3640 ዋት፤ 16 አምፔር ሊሞላ ትንሽ የቀረው።

የሚገርመው የካምፑ ብሬከር ወዲያው ላይወርድ ይችላል። ብሬከር ከአቅሙ ትንሽ ሲታለፍ ቀስ ብሎ እየሞቀ ነው የሚወርደው። የመጀመሪያው ውሃ ይፈላል። «አየህ፣ ይችላል» ይባላል። ሁለተኛው ማፍያ ላይ ሁሉም ነገር ድርግም። 6 አምፔር ካምፕ ውስጥ ቢሆን ኖሮ በሰከንዶች ውስጥ ነበር የሚወርደው። ብሬከሩ ያለበት ሳጥን ተቆልፎ ከሆነ ደግሞ ቁልፍ የያዘው ሰው እስኪመጣ በብርድ መጠበቅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውሃ ሲፈላ ወለሉንና ማሞቂያውን ለአምስት ደቂቃ ማጥፋት። ወይም ከ1000 ዋት በታች የሆነ ማፍያ ይዞ ወለሉን ብቻ ማጥፋት።

የኤክስቴንሽኑን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከካምፑ ሶኬት እስከ ካራቫኑ የሚሄደው ገመድ ብዙ ጊዜ 25 ሜትር ነው። ካራቫኑ ቅርብ ሲቆም ሰው ግማሹን በመጠቅለያው ላይ ይተወዋል። ወለል ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ነው የሚስበው። የተጠቀለለ ገመድ ሙቀቱን የሚያስወጣበት ስለሌለው እዚያው ላይ ይጠራቀማል፤ ሽፋኑ እስኪቀልጥ ሊደርስ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ፍቱት። ትርፉን ሣሩ ላይ ሰፋ አድርጎ መዘርጋት ነው።

ባትሪስ? አይሆንም። 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ውስጥ 1200 ዋት ሰዓት አለ። ተራ የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ሳይጎዳ የሚወሰደው ግማሹ ነው። 390 ዋት ለሚበላ ወለል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፤ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 230 የሚቀይረው ኢንቨርተር የሚያባክነው ሳይቆጠር። በ12 ቮልት የሚሠራ ማሞቂያ ገዝቼ ላምልጥ የሚልም አለ። ያው 390 ዋት በ12 ቮልት 32 አምፔር ተኩል ይስባል። ባትሪውም አይችል፣ ሽቦውም በጣም መወፈር አለበት።

አደጋው ላይ እንምጣ። የዚህ ዕቃ ትልቁ ጠላት መሸፈን ነው። ከላይ ያየነው ወፍራም ምንጣፍ 46 ዲግሪ ካደረሰው፣ ምንጣፉ ላይ የተወረወረ ፍራሽ፣ ሻንጣ ወይም የልብስ ክምር ምን እንደሚያደርገው ገምቱት። ካራቫን ውስጥ ደግሞ ማታ ማታ ሁሉም ነገር ወለል ላይ ነው የሚወርደው። የቀኑ ትራስ፣ የልጆች ቦርሳ፣ ውሻ ካለም ከነምንጣፉ። ሶፋው ወደ አልጋ ሲቀየር አየር የማያገኝ ጥግ ይፈጠራል። ስለዚህ ማሞቂያውን ቁምሳጥን ሥርና አልጋ ሥር አታስገቡት። ሰው የሚሄድበት መተላለፊያና መቀመጫ ፊት ለፊት ብቻ ይበቃል።

ለዚህም ነው ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱ ልኩ ላይ ሲደርስ ማሞቂያውን የሚያጠፋ መሣሪያ) አትግጠሙት የምለው። እንደ ተራ የክፍል ቴርሞስታት አየሩን ብቻ የሚለካው አይበቃም። ወለሉ ውስጥ የሚገባ ሙቀት ለኪ ሴንሰር ያለው መሆን አለበት። ሰው ለሚኖርበት ወለል የአውሮፓው የወለል ማሞቂያ ደረጃ የሚፈቅደው የወለሉ ፊት ሙቀት እስከ 29 ዲግሪ ነው። ለእንጨትና ለብዙ ፕላስቲክ ወለሎች ግን 27 አካባቢ ነው የሚባለው። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ በካራቫን ፕላስቲኩ ያለው ከማሞቂያው በታች ነው። ማሞቂያው በቀጥታ ነው የተኛበት። ምንጣፉን በእጅ ዳስሶ «ለብ ብሏል» ማለት ከሥር ያለውን አይናገርም። ሴንሰሩን ማሞቂያው አጠገብ፣ ምንጣፉ ሥር፣ ዕቃ ሊጫንበት በሚችል ቦታ አድርጉት። ብዙ ሰው የሚያስቀምጠው ገለልተኛ ጥግ ላይ ነው፤ እዚያ ያለ ሴንሰር ግን መሃል ላይ የወደቀውን ፍራሽ አያውቅም።

ሁለተኛው ውሃ ነው። በሩ አጠገብ ጭቃና ዝናብ አለ። ከመታጠቢያው እግር እየነጠበ ይመጣል። ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ የሚወርደው ላበት ወለል ላይ ይጠራቀማል። የካራቫኑ መብራት በ30 ሚሊአምፔር ልክ በሚቆርጥ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ ብሬከር ማለፍ አለበት። መፈተኛ ቁልፍ አለው፤ ስትጫኑት መውረድ አለበት። ካልወረደ ወለል ማሞቂያ የሚባል ነገር አታስቡ። ሽቦውን ከካራቫኑ መስመር ጋር በቋሚነት ማገናኘት ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ካራቫን ወለል ላይ ቀዳዳዎች አሉ። የተረሱ ወይም የተበላሹ የሚመስሉ፣ አንዳንዴ መረብ ያላቸው። ሆን ተብሎ የተሠሩ ናቸው። የሲሊንደር ጋዝ፣ ፕሮፔንም ሆነ ቢውቴን፣ ከአየር ይከብዳል። ከፈሰሰ እንደ ውሃ ወለል ላይ ይተኛል። እነዚህ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ እንዲወርድ ያደርጉታል። ብርድ ያስገባሉ ብሎ በፎም፣ በማሞቂያና በምንጣፍ የሚደፍናቸው ሰው እግሩን አሙቆ ቤቱን ለፍንዳታ ያዘጋጃል። ማሞቂያውን ከመዘርጋታችሁ በፊት በጉልበታችሁ ተንበርክካችሁ ሁሉንም ፈልጓቸው።

ብሎንና ትራፓኖም ነገር አላቸው። የጠረጴዛ እግር መቀመጫ፣ የበር ማቆሚያ፣ የመደርደሪያ ማሰሪያ፤ ከጊዜ በኋላ አንዱ ወለሉን ይበሳዋል። ማሞቂያው የት እንደተዘረጋ ከመሸፈናችሁ በፊት ፎቶ አንሱ። ካራቫኑን ስትሸጡም ለገዢው ስጡት።

ስትዘረጉት ደግሞ አንድ ነገር በቅርብ እንይ። ቴስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ያዙ። ማሞቂያው 230 ቮልት ላይ 390 ዋት ከሆነ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል 136 ኦም (ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ) ገደማ ማሳየት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ 230 በ230 ተባዝቶ ለ390 ማካፈል። ይህን ከካርቶኑ እንዳወጣችሁት ለኩ። ወለሉ ላይ ዘርግታችሁ በፕላስተር ከያዛችሁት በኋላ ለኩ። ምንጣፉ ከተመለሰ በኋላ ለኩ። ሦስቱም ቁጥር ተመሳሳይ መሆን አለበት። ድንገት በጣም ከጨመረ ወይም ቴስተሩ ምንም ካላነበበ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው። ከቀነሰ ደግሞ የሆነ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል። በሁለቱም መንገድ ስፒናው ሶኬት አያይም።

ፊልሙ ሲረዝም መቁረጥ የሚቻለው ፋብሪካው ባሰመረበት ላይ ብቻ ነው። የተቆረጠው ጫፍም በተራ ናስትሮ አይታሸግም፤ ከዕቃው ጋር የሚመጣ የሚያጣብቅ ማሸጊያ አለው። ሽቦ ያለውን ዓይነት ግን በፍጹም አትቁረጡት። ሽቦው ሲያጥር ኦሙ ይወርዳል፣ የሚስበው ይጨምራል፣ ከተሠራበት በላይ ይግላል።

ካራቫን ይንቀጠቀጣል። ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት የሚቆይ መገናኛ እዚህ በጥቂት መቶ ኪሎሜትር ሊላላ ይችላል። ሽቦው በጠርዝና በቀዳዳ ሲያልፍ ላስቲክ ይልበስ። መገናኛው ደግሞ ምንጣፍ ሥር ተቀብሮ እንዳይቀር፣ እጅ የሚደርስበት ሳጥን ውስጥ ይሁን።

እኔ ብሆን ቋሚ አልገጥምም። ሁለት ሦስት ትንንሽ፣ የራሳቸው ቴርሞስታትና ስፒና ያላቸው፣ ተነሺ ማሞቂያዎችን እመርጣለሁ። አንዱ ሲበላሽ ወለሉ ሁሉ አይፈርስም። ብርዱ ሲያልፍ ይነሳሉ፣ ክብደታቸውም ከተሳቢው ላይ ይቀነሳል። ስታነሷቸው ግን አጣጥፋችሁ አታስቀምጧቸው። እጥፋቱ ያለፈበት ቦታ በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ የሚበጠሰው ነው። በወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልላችሁ፣ በቁሙ፣ ምንም ሳትጭኑበት አስቀምጡት። የለካችሁትን ኦም በቱቦው ላይ በማርከር ጻፉት፤ ብርዱ ሲመለስ መጀመሪያ የምትፈልጉት ያንን ቁጥር ነው።